የጠረግኩት ግራጫ ቅባት

የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ናቸው ይጻፉት ያሉኝ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የተከራየነውን አዳራሽ ወንበር እየደራረብን ሳለ፣ ከወጣቶቹ አንዷ የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳ ላይ የምታሳይበትን ላፕቶፕ፣ ሳታጠፋው፣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል «ተይ፣ ታንቂዋለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፄን ከፍ የማደርገው ለጸሎት ብቻ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ የላፕቶፕ ነገር ከየት አወቁ?» አሉኝ።

«ረጅም ነው» አልኳቸው።

«ረጅም ከሆነ ይጻፉታ!»

ይኸው ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ፣ ሻርጃ ማዳም ቤት ስሠራ ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዱቄት ትነሰንስና በጣቷ እየጻፈች ታሳየኝ ነበር። የማዳም ጫማ ቋ ቋ ሲል ሁለታችንም በጨርቅ ጠራርገን ቆመን እንገኛለን። እስከ ዛሬ ስጽፍ አንድ ሰው መጥቶ የሚያይብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሱኝ፤ መንገዱን አልስተውም፣ ቀስ ብዬ እመለሳለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከሻርጃ ቀጥላ ባለችው አጅማን ነበር። አንድ ክፍል በጣውላ ለሁለት ተከፍሎ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን እኔና የልጅ ልጄ ይዘነዋል፤ በበሩ በኩል ያለውን አንዲት የወሎ ሴት። እሷ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ሙስሊም ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። እኔ ጸሎት ስጀምር ጣውላውን ታንኳኳና «እትዬ፣ ጌታዎ ጆሮው ደህና ነው፣ ቀስ ይበሉ» ትለኛለች። እሷ ስትሰግድ ደግሞ እኔ ድስት እንኳ አልከድንም። እንዲህ ተከባብረን ነው የኖርነው። ልጄ፣ የልጅ ልጄ እናት ማለት ነው፣ ዱባይ አንዲት ማዳም ቤት እየኖረች ትሠራ ስለነበር የምናያት በሳምንት አንድ ቀን ነው።

የልጅ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን በኢንተርኔት ጨርሳ ነርስነት ለመማር ለመግቢያ ፈተና ተመዝግባለች። ፈተናው ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሠራ ነው፤ በካሜራ እያዩ ይፈትኗታል። ካሜራው ከጠፋ፣ ወይ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከታየ ወይ ድምፁ ከተሰማ፣ ፈተናው ይሰረዛል፤ ሌላው በዓመቱ ነው። ዓመት ደግሞ እኛ ጋ አይጠበቅም። የመኖሪያ ወረቀቷ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ወይ ተማሪ ሆና ታድሰዋለች ወይ ሠራተኛ ሆና። የልጄ ማዳም እህት ቤት ሠራተኛ ትፈልግ ነበር፤ «ልጅሽ ለምን አትመጣም?» ብላ ጠይቃታለች። ልጄም፣ ምን ታድርግ፣ «ፈተናውን ካላለፈች ትመጣለች» ብላ ቃል ሰጥታለች።

እኔ ማዳም ቤት ገባሁ። ልጄ ማዳም ቤት ገባች። ሦስተኛዋ እንድትገባ አልፈለግኩም። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ ከፈለግኩት ነገር ሁሉ የበለጠው እሱ ነበር።

ፈተናው ቅዳሜ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ነው። ላፕቶፑ የሆነ ቢሮ ተጠቅሞበት የሸጠው ነበር፤ ሲሠራ ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል። ልጅቷ አቧራ ይዞት ነው ብላ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ትንሿን ካቻቢቴ ይዛ ተቀመጠች። ቪዲዮ አይታለች። ጀርባውን ፈታች፤ ብሎኖቹን እንዳይደባለቁ ፕላስተር ላይ በተርታ ለጠፈቻቸው። ከሆዱ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ያለበት ብረት ከነፋኑ አወጣች።

«ይሄ ሂትሲንክ ይባላል እማማ። ይሄ ደግሞ ፕሮሰሰሩ፤ አንጎሉ በይው። አንጎሉ ሲግል ሙቀቱን ይሄ ይቀበለዋል፣ ፋኑ ደግሞ ወደ ውጭ ይነፋዋል።»

ፕሮሰሰሩ የጥፍሬን ያህል ያለ ነገር ነው። ላዩ ላይም፣ ብረቱ ላይም፣ ግራጫ ነገር ተጋግሮበታል።

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ለፈተናው የሚላከው የመታወቂያ ኮፒ አይነበብም፣ እንደገና ላኪ አሏት። ወረቀት ኮፒ አድርገው ወደሚልኩበት ታይፒንግ ሱቅ ልትሮጥ ተነሳች።

«እማማ፣ ምንም እንዳትነኪ። እሺ?»

«ምን አደርገዋለሁ?» አልኩ።

እንግዲህ ለምን እንደነካሁት ልንገራችሁ። ሻርጃ ያለችው ማዳም፣ ጽዳት ስንጨርስ ነጭ ሶፍት በጣቷ ጠቅልላ በየዕቃው ላይ ታስኬድ ነበር። የበሩ እጀታ ላይ፣ የምድጃው ጎን ላይ፣ የአምፖሉ ቆብ ላይ። ሶፍቱ ላይ ግራጫ ነገር ከታየ፣ ያን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ክፍሉን በሙሉ እንደገና ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። እጄ ከእኔ በፊት ያያል። ግራጫ ነገር የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ተጋግሮ ካየሁ፣ እንቅልፍ ላይም ብሆን የምነሳ ይመስለኛል።

ልጅቷ አቧራ ልታጸዳ ነው የከፈተችው፤ ዋናው ቆሻሻ እዚህ አይደል እንዴ አልኩ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አልኮል ነበረኝ። በጥጥ ነካ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሕፃን ዓይን ጠረግኩት። ብረቱንም ጠረግኩ፣ አንጎሉንም ጠረግኩ። ፊቴ እስኪታይበት። በመጨረሻ ነጭ ሶፍት በጣቴ ጠቅልዬ አስኬድኩበት፤ ምንም የለም። ደስ አለኝ። ጥጡን ጣልኩና እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ እያለከለከች ተመለሰች። ፋኑን በብሩሽ አራገፈች፣ ብረቱን ቦታው መለሰችና ብሎኖቹን አጠበቀች። ችኮላ ላይ ስለነበረች አላስተዋለችም፤ ወይም ቪዲዮው ላይ እዚያ ጋ ዘላዋለች። እኔም አልነገርኳት። ያኔ እንኳ ለመደበቅ አልነበረም፤ «ዛሬ እንዴት ፀጥ አለ!» ስትል እነግራታለሁ ብዬ ነው።

አበራችው። እውነትም ፀጥ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ፋኑ ጮኸ። ከዚያ ድርግም። መስታወቱ ጥቁር።

«ምን ሆነ?» አለች። እንደገና አበራችው። አሁን ደግሞ የፈተናውን ገጽ እንኳ ሳይከፍት ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ጀርባውን ነካችውና እጇን መለስ አደረገች።

«ገደልኩት» አለች። «በዛሬ ቀን ምን አስነካኝ? ትናንት እኮ ይሠራ ነበር! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው ነኝ!»

ከጣውላው ወዲያ የወሎዋ ሴት ከእንቅልፏ ተነሥታ መጣች። «ምን ሙሽኪላ፣ ምን ችግር አለ?» አለች። ልጅቷ ስታለቅስ አይታ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ባዶውን ፕላስተር አጣጥፋለሁ። ከጠዋት እስከዚያ ድረስ በዚያ ማሽን ላይ የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አሮጊት ስትፈራ ልጅ ከሚፈራው ይብሳል፤ ልጅስ ያለቅሳል።

ሌላ ላፕቶፕ እንዳንዋስ፣ የፈተናው ፕሮግራም በዚያኛው ላይ ተመዝግቧል፤ በሌላ አይከፈትም። ስለዚህ ሁለታችን ወደ ሻርጃ ወጣን። ታክሲው ውስጥ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ይዛ፣ በየደቂቃው ሰዓት ታያለች። እኔ በመስኮቱ አያለሁ። በአጅማንና በሻርጃ መሃል ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ሁሉ ድንበር ነበር፣ ቆም፣ ቆም፣ ቆም።

ጥገና ቤቶቹ የተደረደሩበት መንገድ ላይ አንድ ፓኪስታናዊ አገኘን። ጠባብ ሱቅ ነው፤ እሱና ክምር ላፕቶፕ ብቻ። ልጅቷ ፈተናው ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በእንግሊዝኛ ስታስረዳው እሱ ጀርባውን ፈትቶ ጨርሷል። ብረቱን አነሳና ወደ መብራቱ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በዐረብኛ ጠየቀ።

«ይሄን ማን አጸዳው?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች ልጅቷ።

«መክፈት ሙሽኪላ የለውም። ፔስቱ የታለ? እዚህ መሃል የነበረውን ግራጫ ቅባት ማን አነሳው?»

ልጅቷ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የልጅ ልጄ ዞራ አየችኝ። «እማማ?»

ሰውዬው እኔን አየኝ፣ እጄን አየ። «ማማ፣ ሹግልሽ፣ ሥራሽ፣ ማዳም ቤት ነው?»

«ነው።»

«ያስታውቃል። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ የጸዳ ፕሮሰሰር አላየሁም» አለና ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም። እሱም ሳቁን ተወና አስረዳን። ብረት ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ በዓይን የማይታይ ጎድጓዳ አለው፤ ሁለት ብረት ሲጋጠም እዚያ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ሙቀት ደግሞ በዚያ አየር በኩል እንደ ልብ አይሻገርም። ግራጫው ቅባት ጎድጓዳውን የሚሞላው ነው። እሱ ከሌለ አንጎሉ ለብቻው ይግላል፤ እንዳይቃጠልም ራሱን ያጠፋል።

«አልሞተም?» አለች ልጅቷ።

«አልሞተም። ግን እኔ ዛሬ አልሠራውም። አንድ ኩባንያ ማሽን ቆሞበት እየጠበቀኝ ነው፣ አሁን ሱቁን ዘግቼ መሄዴ ነው። ነገ ኑ።»

ነገ የሚባል ነገር አልነበረንም። እኔ ማዳምን እንደምለምናት ለመንኩት። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ሰዓቱን አየ፣ ተነፈሰ፣ ከመሳቢያው አንዲት ቀጭን መርፌ የምትመስል ነገር አወጣ፤ ታችዋ ላይ ትንሽ ግራጫ ቅባት ቀርታለች።

«ይሄ ለሁለት ጊዜ ይበቃል። ለሦስት አይበቃም። እዩኝ።»

የሞተ ማሽን ላይ፣ ቅባቱን ሳያፈስ፣ አሳየን። አንድ የሩዝ ፍሬ ታህል መሃሉ ላይ። በጣት አይቀባም። ብረቱን ቀጥ አድርጎ ማውረድ፤ ማንሸራተት የለም። አንዴ ከተጫነ ማንሳት የለም። ከተነሳ አየር ይገባበታል፣ ተጠርጎ እንደገና ነው። ከዚያ ብሎኖቹ። ብረቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ በቁጥሩ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እየዞሩ።

«አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቀሽ ወደ ሌላው ከሄድሽ፣ ብረቱ ያጋድላል። ይቺ ደግሞ መስታወት ናት» አለና አንጎሉን አሳየን። «ጥጓ ከተሰበረ ኸላስ። እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አያድናትም።»

ስንመለስ መንገዱ ባሰበት። ልጅቷ ወደ ውጭ እያየች፦

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«ማዳም ቤት ዕቃ ስሰብር እንደምፈራው ነው የፈራሁሽ» አልኳት። ላፕቶፑን ወደ አንድ ጉልበቷ ገፋ አድርጋ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር።

ቤት ስንገባ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። ስምንት ተኩል ላይ ካሜራው ፊት መገኘት አለባት። የወሎዋ ሴት ጠረጴዛውን አጽድታ፣ የስልኳን መብራት አብርታ ጠበቀችን። ልጅቷ መርፌዋን ይዛ አጎነበሰች።

«ምን ያህል ነው ያለው?» አለች የወሎዋ።

«የሩዝ ፍሬ ታህል።»

«የትኛው ሩዝ? የግብፁ ነው ባስማቲው?»

ሦስታችንም ተያየን። ያልጠየቅነው ነገር! የግብፁ ሩዝ ድብልብል ነው፣ ባስማቲው ረጅም።

«የነገረን ፓኪስታናዊ ነው» አልኩ። «ባስማቲ ነው እንጂ ምን ይሆናል።»

«ዋላሂ እውነትዎን ነው» አለች።

ልጅቷ አንድ ባስማቲ ታህል አስቀመጠች። ብረቱን ስታወርድ አጋደለባት። አንደኛው ጠርዝ ቀድሞ ነካ፤ ደነገጠችና፣ በትክክል ተቀምጦ እንደሆነ ለማየት፣ አነሳችው።

«አነሳሽው!» አለች የወሎዋ።

ቅባቱ በአንድ ወገን ተድጦ፣ በሌላው ወገን ባዶ ሆኖ ታየን። ልጅቷ ብረቱን እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ከማልቀሱ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

«ስጪኝ» አልኳት። «መጥረጉንስ እችልበታለሁ አይደል?»

ጠረግኩት። ያንኑ አልኮል፣ ያንኑ ጥጥ። ጠዋት ጥፋት የነበረው አሁን ትእዛዝ ነው። ነጩን ሶፍት አስኬድኩ፤ ንጹሕ። የቀረችው አንድ ጊዜ ናት።

«እማማ፣ አንቺ አድርጊው» አለች። «የእኔ እጅ እምቢ አለ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የወሎዋ ሴት መብራቱን አቀረበችልኝ። «ቢስሚላህ ይበሉ እትዬ።»

«በኢየሱስ ስም» አልኩ።

«ኧረ ዛሬስ ሁለቱንም ቢሉ ምን አለበት!»

አልሳቅኩም፤ ብስቅ እጄ ይነቃነቃል። ገፋሁት። መርፌዋ መጀመሪያ አየር ተነፈሰች፣ ከዚያ ቅባቱ ወጣ፤ ሩዝ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከዚያ በላይ የለም። መርፌዋን አስቀመጥኩና ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። የሕፃን አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ሲያስቀምጡ ትንፋሽ ይያዛል አይደል? እንዲያ ይዤ አወረድኩት። ቀዳዳዎቹ ከቀዳዳዎቹ ጋር ገጠሙ። በጣቴ መሃሉን ያዝኩት፤ ከዚያ በኋላ ምድር ብትናወጥም አላነሳውም ብዬ።

«አንድ» አለች ልጅቷ፣ ብሎን እያቀበለችኝ።

ካቻቢቴውን ግማሽ ዙር። አንድና ሁለት ጎን ለጎን አይደሉም፤ በማዶና በማዶ ናቸው። ይሄን ሳይ እጄ ሥራውን አወቀው። ፍራሽ ላይ አንሶላ ስናለብስ እንዲሁ ነን፦ አንዱን ጥግ እስከ ታች ከጎተትሽው ሌላው ጥግ ይነሳል፤ ስለዚህ ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ በማዶው ጥግ፣ ከዚያ ወደ ቀሩት ሁለት፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ስንት ሺህ አልጋ አንጥፌያለሁ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ግማሽ ዙር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስተኛው ብሎን ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁና ሁላችንም ቆምን። ያቺ የአንጎሉ መስታወት ተሰበረች አልኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በመብራቱ አራቱንም ጥግ አየች።

«ብሎኑ ነው ቦታው የገባው» አለች። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ፤ በቃኝ እስኪል አጠበቅኩ፣ ከዚያ በላይ አላስገደድኩትም። ልጅቷ ጀርባውን ልትከድን ስትል በድንገት «የፋኑ ገመድ!» አለች። ረስተነው ነበር። በጥፍሯ ገፍታ ሰካችው።

ስምንት ከሩብ። አበራችው። ማናችንም አልተነፈስንም። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ጠዋት የጠፋበትን አለፈ። አምስት። ስምንት ተኩል ሊሆን ሲል «ውጡልኝ፣ ካሜራውን ልከፍት ነው» አለችን።

ወጣን። የወሎዋ ሴት አልጋ ላይ፣ ከጣውላው ወዲህ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የልጅቷ ጠረጴዛ ከጣውላው ጋር ተጠግቶ ነው ያለው፤ የላፕቶፑ ፋን በሚነፋበት ጎን ልክ ደግሞ ጣውላው ስንጥቅ አለው። አሮጊት ነኝና ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ መዳፌን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ።

ትኩስ አየር መጣብኝ። ሞቅ ያለ አይደለም፤ ትኩስ፣ ነሐሴ ላይ የአውቶቡስ በር ሲከፈት እንደሚገርፈው ያለ። እጄን ነጠቅኩ። መልሼ ባደርገው ያው ነው።

ሊፈነዳ ነው አልኩ በልቤ። ሊጠፋ ነው። አበላሽቼዋለሁ፤ ቅባቷ አንሳ ነበር፣ አይቻታለሁ።

ምን ላድርግ? ብጠራት ድምፄ ይሰማል፣ ፈተናው ይሰረዛል። ባልጠራት ማሽኑ ይጠፋል፣ ያው ይሰረዛል። የወሎዋን ሴት እጅ ጎትቼ ስንጥቁ ላይ አደረግኩት። ዓይኗ ፈጠጠ። ያ ሁሉ አፍ ያላት ሴት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተነሥቼ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ መጣሁ፤ ስንጥቁ ላይ ልለጥፈው። እጄን ያዘችኝ። በጣቷ መጀመሪያ ፎጣውን፣ ከዚያ የመብራት ገመዱን አሳየችኝና ጣቷን አንገቷ ላይ አስኬደች። ተውኩት። ካርቶን ቀድዳ ሰጠችኝ። በጣውላው ሥር፣ ከወለሉ በኩል ወደ ውስጥ እያራገብኩ፣ ሲደክመኝ እሷ እየተቀበለችኝ፣ ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያ ትኩስ አየር አልበረደም። በየደቂቃው አሁን ነው፣ አሁን ነው እላለሁ። ልጄ ከዱባይ ስትደውል ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ አላነሳሁትም። ምን ልበላት? የልጅሽን ዕድል ጠዋት በጥጥ ጠርጌ ጣልኩት ልበላት?

ጸለይኩ፣ ያለ ድምፅ። ጌታ ሆይ፣ እኔ ያጸዳሁትን አንተ አታጽዳብኝ አልኩ። ምን ማለቴ እንደነበር ዛሬም አይገባኝም።

ከዚያ ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማን። ጣውላው ተንኳኳ።

«እማማ» አለች። «ልኬዋለሁ። ጨርሻለሁ።»

የወሎዋ ሴት ካርቶኑን ወርውራ እልል ስትል ከላይ ፎቅ ያሉ ሰዎች ሠርግ ያለ መስሏቸው ወለል ደበደቡ። እኔ አልጋው ላይ ተኛሁ።

ልጅቷ አለፈች። ወረቀቱ ሲመጣ ልጄ ለማዳሟ «ልጄ ተማሪ ናት» ብላ ነገረቻት፤ እንዴት እንዳለችው ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ዛሬ የልጅ ልጄ ሆስፒታል ትሠራለች። የወሎዋ ሴት አገሯ ገብታ ቤት ሠርታለች፤ ስትደውል «እትዬ፣ ባስማቲ በልተዋል?» ትለኛለች።

ያን ሁለት ሰዓት ግን አልረሳሁትም ነበር። እግዜር በተአምር ነው ያቆየው እያልኩ፣ ለሰው ሁሉ፣ በአዳራሽም ጭምር፣ መስክሬበታለሁ። ባለፈው ዓመት የስልኬ የቻርጅ ቀዳዳ ተበላሽቶ ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር፣ አንድ ጥገና ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ሠራተኛው ለአንድ ሱዳናዊ ደንበኛ በዐረብኛ ሲያስረዳ ሰማሁ። ላፕቶፕ እየጋለ እየጠፋ፣ በጎኑ የሚወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሂትሲንኩ ከፕሮሰሰሩ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው፤ በደንብ የተገጠመ እንደሆነ፣ ሲሠራ በጎኑ የሚወጣው አየር ትኩስ ነው። ያን ቀን ስንጥቁ ላይ መዳፌን የገረፈው አየር ትዝ አለኝ።